ከጨው በር የተቆረጠው ገጽ

ወይዘሪት ትሪንደር አንድ እስር ወረቀት ይዛ መጣችና ከሄስተር ፔግራም ፊት አስቀመጠችው። ከወረቀቱ ላይ ቢላ ጣል አደረገችበት። ካርቶን የሚቆረጥበት ሰፊው ቢላ አልነበረም፤ ቀጭኑ ነው፣ ከመሳል ብዛት ስለቱ የሳሳው። ሄስተር መጀመሪያ ቢላውን አየች፣ ቀጥላ ወረቀቱን፣ ከዚያ አለቃዋን። እጇ ላይ የነበረውን ክር አልለቀቀችም።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሦስተኛው ጥራዝ የመጨረሻ ገጽ ይወጣል» አለች ወይዘሪት ትሪንደር። «በምትኩ ይኸኛው ይገባል። እርስዎ ከስፌቱ የጥፍር ያህል እየተዉ ይቁረጡ፣ ሮዳ ደግሞ አዲሱን በቀረው ጠርዝ ላይ ትለጥፋለች። እስከ ማታ ደወል ማለቅ አለበት። ነገ ወንዶቹ ሽፋን ያለብሱታል፤ ቅዳሜ ጋሪው ይመጣል።»

«የቱ መጽሐፍ?» አለች ሄስተር፣ የቱ እንደሆነ እያወቀች።

«የጨው በር ነዋ።»

ከፍሊት ጎዳና ጀርባ ባለው በዚያ የመጽሐፍ መጠረዣ ቤት ሃያ ሦስት ሴቶች በሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው ሌላ ሰው የጻፈውን፣ ሌላ ሰው ያተመውን፣ ሌላ ሰው የሚያነበውን ወረቀት ያጥፋሉ፣ ይሰበስባሉ፣ ይሰፋሉ። ወንዶቹ ምድር ቤት ናቸው፤ ሙጫና መዶሻ የእነሱ ነው፤ ደመወዙም እንደዚያው የእነሱ ይበልጣል። ሄስተር እዚያች ወንበር ላይ አርባ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ማንበብ አትችልም። በየእጥፋቱ ግርጌ የምትታተመውን አንዲት ፊደል ግን የጎረቤቶቿን ፊት የምትለየውን ያህል ትለያታለች፤ የትኛዋ የትኛዋን ተከትላ እንደምትመጣ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባባሉ ግን ጠይቃቸው አታውቅም። የሦስተኛው ጥራዝ መጨረሻ እጥፋት የስቅላት እንጨት የምትመስለው ፊደል ነበረችበት። ሄስተር ሳምንቱን ሙሉ ያችን ፊደል ስትጠብቅ ነው የሰነበተችው።

የምትጠብቅበት ምክንያት ነበራት፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም።

በመጽሐፉ ፊት ላይ ሎውረንስ ፔል የሚል ስም አለ። ሎውረንስ ፔል የሚባል ሰው ከዓለም ዳር እስከ ዳር ቢፈለግ አይገኝም። መጽሐፉን የጻፈችው የሄስተር ልጅ ሎይስ ናት፤ ክላርከንዌል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የዳቦ መክተፊያውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በሳልና በሳል መካከል። በደብሩ ትምህርት ቤት ተምራ ኋላም እዚያው ሕፃናት ታስተምር ነበር፤ ደረቷ እስኪይዛት። ሦስት ዓመት ጻፈች። ማታ ማታ እናቷ ያበጠ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ስትቀመጥ የጻፈችውን ታነብላታለች። ታሪኩ ኦሬል ስለሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ እናቱ ትሞትበታለች፤ ከአገሩ ይወጣል። የሚናገሩ ጫካዎች ያልፋል፣ ንጉሥ የሌላቸው የነሐስ ከተሞች ያልፋል፣ ሰባት ወንዝ ይሻገራል፣ መጨረሻ ላይ ማንም ተመልሶ ካልመጣበት ከጨው በር ይደርሳል።

ሄስተር ዝም ብላ የምትሰማ ሴት አልነበረችም። «ይኼ አገር የት ነው?» ትላለች። «በምን መርከብ ነው የሚኬደው?»

«የትም አይደለም እማዬ። አይኬድበትም። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እዚያው ነን።»

«ይኼ ሰነፍ ታዲያ ምን ያስዞረዋል? ድንጋይ ጠራቢ ሥራ አያጣም።»

ሎይስ ትስቃለች፣ ሳቁ ሳል ያመጣባታል፣ ሄስተር ትቆጣለች፣ ጀርባዋን ትመታላታለች። በዚህ ዓይነት ሁሉንም አነበበችላት፤ የቀረው የመጨረሻው ገጽ ነው። «እሱን መጽሐፍ ሲሆን» አለቻት። «አንቺው ትሰፊዋለሽ፣ እኔ አነብልሻለሁ።» በመጋቢት ሞተች። የታተመው ሉክ ጠረዛ ቤቱ የደረሰው በኅዳር ነው።

ሄስተር ሐሳቧን ጨርሳ ነበር። ቅዳሜ መጽሐፉ ተጠርዞ አልቆ ጋሪው ሳይወስደው ሮዳን ወደ ጎን ጠርታ ያችን አንዲት ገጽ አንብቢልኝ ልትላት ነበር። በሕይወቷ ማንንም አንብብልኝ ብላ የማታውቅ ሴት ይህን ለመወሰን ስምንት ወር ፈጅቶባታል። ዛሬ ገና ሐሙስ ነው።

ሮዳ ስኪነር አጠገቧ ናት። አርባን ያለፈች ባል የሞተባት ሴት፣ ክንዷ እንደ ጋጋሪ ክንድ፣ ድምፅዋ እንደ ጋሪ ነጂ። በሥራ ሰዓት ማንበብ ክልክል መሆኑ ለእሷ ምኗም አይደለም። ከእስሩ አንዱን መዘዘችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«እስቲ ምን ቢገኝበት ነው የሚቀየረው» አለችና ማንበብ ጀመረች። «"በዚህ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። መጋረጃው ተከፍቶ የጠዋት ፀሐይ አልጋው ላይ ወድቃለች። የደብሩ ደወል ይሰማል። እናቱ ሻይ ይዛ ገባችና፣ ኤድዊን፣ እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው ልጄ፣ አለችው..."» ቆም አለች። «ኤድዊን ማን ነው?»

«ኦሬል ይሆናላ» አለች አንዷ ከማዶ። «ሲነቃ ስሙን ታጥቦ ነው።»

«ሦስት ጥራዝ ሙሉ ጣቴ እስኪላጥ ሰፍቼ፣ ለካ ሰውየው አልጋው ላይ ተጋድሞ ነው» አለች ሮዳ። «የኔም ባል ነፍሱን ይማረውና እንደዚሁ ነበር። ከመጠጥ ቤት ወለል ላይ ሳነሳው ሩቅ አገር ደርሼ መጣሁ ይለኝ ነበር። መጽሐፍ ግን አላወጣንለትም።»

ጠረጴዛው ግራና ቀኙ ሳቀ። ሄስተር አልሳቀችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ መርፌዋን ቀሚሷ ደረት ላይ ሰካችው፣ ተነሣች። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ከደወል በፊት ስትነሣ ያያት ስለሌለ ሳቁ በራሱ ጊዜ ሞተ።

ወይዘሪት ትሪንደር መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዋ ቀና አለች።

«አልቆርጥም» አለች ሄስተር።

«ወይዘሮ ፔግራም፣ እባክዎን፣ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ።»

«አልቆርጥም አልኩሽ። መርፌ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የራስሽን ቀሚስ ከመጽሐፉ ጋር የምትሰፊ ነበርሽ።»

«አልረሳሁም። ምን ሆኑ ግን?»

ሄስተር ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ዝቅ ማድረጉን አልለመደችውም፤ ቃሉ ተሰባብሮ ወጣ። «የጻፈችው ሎይስ ናት።»

ወይዘሪት ትሪንደር በሎይስ ቀብር ላይ ጃንጥላዋን ለሰው ሰጥታ በዝናብ የቆመች ሴት ናት። ብዕሯን አስቀመጠች። 

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

አለቃይቱ አሰበች። ከልቧ ነው ያሰበችው፤ ሄስተርም ያን አየችላት። «ምንም» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው ይኸው ነገርኩሽ።»

«የአሳታሚው ሰው፣ አቶ ኤልፊክ፣ ታች ደረጃው አጋማሽ ላይ ባለው ቢሮ ውስጥ ነው። እስከ እኩለ ቀን አለ። ሽርጥዎን አውልቀው ይሂዱ። እኔ እንደላክኩዎ ይንገሩት።»

ሄስተር ሽርጧን አላወለቀችም።

አቶ ኤልፊክ ከሲታ፣ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ነው፤ ካፖርቱ ከጭጋጉ የተነሣ ረጥቦ ወንበር ላይ ተሰጥቷል። ስትገባ ከመቀመጫው ተነሣ። ይኸኛው ነው ያስቸገራት፤ ቁጭ ብሎ ቢቀበላት ኖሮ አፏ የሚለውን ታውቅ ነበር።

«ወይዘሮ ፔግራም» አለ፤ አልረሳትም። በየካቲት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ፣ ካለቻቸው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሎይስን ውል ያስፈረማት እሱ ነው። «እዚህ እንደሚሠሩ አላወቅሁም ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ባውቅ ኖሮ ሌላ ቤት እልከው ነበር።»

«የልጄን መጨረሻ ልትቆርጡት ነው አሉኝ።»

«አዎን።»

«ምን ጎደለበት?»

«ምንም አልጎደለበትም። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ባለቤቴ አልቅሳበታለች።» መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ። «የአንድ ሰው ነገር ነው። መጽሐፍ ለሚያከራየው ቤተ መጻሕፍት የሚገዛው ሰው። ከታተመው ከግማሽ በላይ የሚወስደው እሱ ነው። እሱ ካልወሰደ ሌላውም አይወስድም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ አገር በየትኛው ካርታ ላይ ነው አለኝ። በየትኛውም ላይ አይደለም አልኩት። ታዲያ ሰውየው እንዴት ሄደ አለኝ፤ በእንቅልፍ ልቡ ነው ወይስ ትኩሳት ይዞት? በሁለቱም አይደለም ስለው መጽሐፉን ዘጋው። እንዲህ ያለ ነገር ለወጣት ሴቶች አላከራይም፣ አእምሮ ያናውጣል፣ ወይ ይነሣልኝ ወይ አልወስድም አለ።»

«ወይ ይነሣልኝ?»

«ይንቃልኝ ማለቱ ነው።»

«ካልነቃስ?»

«ሦስቱም ጥራዝ ተመልሶ ይቀቀልና ወረቀት ይሆናል። ጌቶቼ መጋዘን ውስጥ አያቆዩትም። እኔ ባለቤት አይደለሁም ወይዘሮ ፔግራም። የደብዳቤ ጸሐፊ ነኝ።»

ሄስተር ቆማ ነበር። ይቀመጡ ብሏት አልተቀመጠችም። «አዲሱን ማን ጻፈው?»

ሰውየው ጣቶቹን አየ። «እኔ ነኝ። በአንድ ማታ። በተቻለኝ መጠን ቀስ ብዬ ነው የቀሰቀስኩት።»

«ሻይ ያመጣችለት ሴትዮ ማን ናት?»

«እናቱ ናት።»

«እናቱማ ሞታለች። በመጀመሪያው ጥራዝ፣ ገና መንገድ ሳይጀምር። የእናቱን የመቃብር ድንጋይ ጠርቦ አይደለም ወይ ከአገሩ የወጣው? ማንበብ የማልችለው እኔ አውቃለሁ።»

 አቶ ኤልፊክ መሐረቡን አፉ ላይ ያዘ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «ረስቼው» አለ። «ታትሟል እኮ አሁን።»

ሄስተር ሰው ማረም ትወድ ነበር፤ ሰውን ጥፋቱ ላይ ስትይዘው ቀኗን ሙሉ ደስ ሲላት ይውል ነበር። አሁን ግን ምንም አልተሰማትም። ፊት ለፊቷ የቆመው ሰው የረጠበ ካፖርት ያለው፣ ማታ ማታ ሻማ አብርቶ የሌላ ሰው ጽሑፍ የሚቀጥል ምስኪን ነው። እሱን ብትሰድበው የሚመልሰው ነገር የለም።

«ልጄ እሺ አላለችም» አለች።

እሱም ሳይወድ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። መጨረሻ ግድም በደቃቁ የተጻፈውን በጣቱ እየተከተለ አነበበላት፤ ደራሲዋ መጽሐፉን ለዘለቄታው ሸጣለች፣ አሳታሚው ለሽያጭ እንደሚያስፈልገው የመቀነስ፣ የመጨመርና የመለወጥ ሙሉ መብት አለው። ከሥሩ የሎይስ ፊርማ ነበር፤ እንደ ሸረሪት ድር የተንቀጠቀጠ። ከፊርማው ጎን አንድ ደማቅ መስቀል።

«ይኸ የእርስዎ ምልክት ነው» አለ። «ምስክር።»

ሄስተር መስቀሉን አወቀችው። ቀለሙን አብዝታ ነው የሳለችው፤ ማንም እጇ ተንቀጠቀጠ እንዳይላት። ያን ቀን ሎይስ ትኩሳት ላይ ነበረች፤ ደቃቁን ጽሑፍ ዓይኗ አልያዘላትም፣ ወረቀቱን ወደ እናቷ ገፋ አደረገችው። ይኸው ሰው ያኔም እንዲሁ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። ላንብብልዎ ወይዘሮ ብሏታል። እሷም አርባ ዓመት መጽሐፍ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ውል ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብላ ብዕሩን ከእጁ ነጠቀችው። ሰውየውም ይህን ያስታውሳል፤ ዓይኑ ላይ አለ፤ ግን አላነሣባትም። ቢያነሣባት ይሻላት ነበር።

«እንግዲህ ሥራ አለብኝ» አለችና ወጣች።

ደረጃው ላይ መሐል ቦታ ቆመች። ወደ ላይ ሴቶቹ፣ ወደ ታች የሙጫው ሽታ። አልቆርጥም ብላ ብትቀር ቢላውን ከጠረጴዛው ጫፍ ላሉት ለሁለቱ አዲሶች ይሰጡታል። የእነሱን እጅ ታውቀዋለች፤ ስፌቱን ይበሱታል፣ ከላዩ ያለውን ገጽ ይቀዱታል፣ የሎይስ መጽሐፍ ጅራቱ እንደ ተጎመደ ዶሮ ሆኖ ይወጣል። ሎይስ የሞተች ዕለት ጎረቤቶቹ ሬሳውን እኛ እንጠብልሽ፣ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ ብለዋት ነበር። ሁሉንም በር ዘግታ አስወጣቻቸው። ፀጉሯን ሳይቀር ራሷ ነው ያበጠረችው።

ወጣችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከተከመሩት ሦስተኛ ጥራዞች አንዱን ጎትታ ከመጨረሻው ከፈተችው። ማስመሪያውን አጋደመች። ቢላው ድምፅ ሳይሰጥ ሄደ።

ሮዳ አዲሱን ገጽ ለመለጠፍ የዱቄት ሙጫ በብሩሽ እየቀባች ነበር። ወይዘሪት ትሪንደር የሎይስን ነገር ነግራታለች መሰለኝ፤ ወይም ሮዳ እንደ ልማዷ ሰምታለች። ቀልዱን ተወችው። የተቆረጡት ገጾች በሄስተር ግራ እየተከመሩ ሄዱ። ጽሑፉ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«እትዬ ሄስተር» አለች ሮዳ፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሣ። «ሳቄን ይቅር በይኝ።»

«በሳቅሽ ምን ቸገረኝ። የሚያስቅ ነው።»

«ላንብብልሽ?»

ቢላው ቆመ። ሄስተር ወደ መስኮቱ አየች። ወይዘሪት ትሪንደር ጀርባዋን ሰጥታ ከደጅ ያለውን ጭጋግ ትመለከታለች፤ ጭጋግ ውስጥ ምን እንደሚታያት እንጃ።

«ከበፊቱ ገጽ ጀምሪ» አለች ሄስተር። «ሴትዮዋ ከምትናገርበት።»

ሮዳ ጥራዙን ጠጋ አደረገችና አጎንብሳ ጀመረች። ኦሬል ከጨው በር ደርሷል። በሩ ሥር ጥቁር ውኃ አለ፣ ውኃው ዳር አንዲት ጀልባ፣ ጀልባዋ ውስጥ አንዲት አሮጊት። «"እግርህን ጥረግ አለችው። ይቺ ጀልባ ናት፣ በረት አይደለችም። የሚመጣው ሁሉ የዓለሙን ጭቃ ይዞብኝ ይመጣል፣ የምጠርገው እኔ።"» ሮዳ ፈገግ አለች፤ ቶሎ ደግሞ ተወችው። «"ስማ አንተ፣ አለችው፣ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ይቺ ጀልባ የምታውቀው አንድ መንገድ ነው። ይኸን ነግረውሃል ወይ?"» የገጹ መጨረሻ ነው። ሮዳ እጇን ዘርግታ ከክምሩ የላዩን አነሣች።

«"ነግረውኛል፣ አለ ኦሬል። ብቻ ቀስ ብለሽ ቅዘፊ። አሮጊቷም መቅዘፊያውን አነሣች። ቀስ ብላ ቀዘፈች፤ ቀስ ብሎ መቅዘፍ ለወገቧ አይስማማም ነበርና መንገዱን ሙሉ እያጉረመረመች። እሱ ግን በሕይወቱ ከሰማው ድምፅ ሁሉ ያን ማጉረምረም ወደደ፤ እሱን እየሰማ በሩን አለፈ፣ ከበሩም ወዲያ ይሰማው ነበር።"»

ሮዳ ገጹን መልሳ ከክምሩ ላይ አደረገችው። «ይኸው ነው። ሌላ የለበትም።»

ከታች መዶሻ ይሰማል። ከማዶ አንዷ ሴት ክር ስጡኝ አለች፤ ሰጧት።

«መንገዱን ሙሉ አላጉረመረምኩም» አለች ሄስተር።

«አጉረምርመሽ ይሆናል እትዬ።»

«ውኃ ስጪኝ ትላለች፣ ስሰጣት አትጠጣም። መስኮቱን ክፈቺ ትላለች፣ ስከፍተው ትስላለች። ማን ዝም ይላል?» ቢላዋን አነሣች።  የሚቀጥለውን ቆረጠች፣ የሚቀጥለውን ደግሞ፣ ሁሉም ያው ገጽ ነው፤ ያው ጀልባ፣ ያው ሰው፣ ቀስ ብለሽ ቅዘፊ። ዳቦና የሥጋ ሞራ የሚበላበት ሰዓት ደርሶ ሌሎቹ ሲበሉ እሷ አልተነሣችም። ከሰዓት በኋላ የጋዝ መብራቱ በጊዜ በራ።

ወደ ማታ ግድም ሮዳ ከክምሩ አንዱን ገጽ በአራት አጥፋ፣ ማንም ሳያይ፣ ሄስተር ሽርጥ ኪስ ውስጥ ሻጥ አደረገችው። ሄስተር አወጣችው፣ ዘረጋችው፣ እጥፋቱን በመዳፏ አስተካከለችና ወደ ክምሩ መለሰችው።

«ምነው እትዬ፣ ልጅሽ የጻፈችው አይደለም?»

«ስለሆነ ነው። ከዚህ ቤት ቁራጭ ክር ይዤ ወጥቼ አላውቅም። የልጄን ነገር እንደ ሌባ ብብቴ ሥር ይዤ አልወጣም።»

«ትሪንደርን ጠይቂያት እንግዲያ። እሺ ትልሻለች።»

«አልለምንም።»

ሮዳ ትከሻዋን ነቀነቀች። በዚያ ቤት ከሄስተር ፔግራም ጋር መከራከር የሚያመጣውን የማያውቅ የለም።

የመጨረሻው ጥራዝ ሲያልቅ ደወሉ ሊደወል ሩብ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ወይዘሪት ትሪንደር የተቆረጡትን ገጾች በገመድ አስራ ወደ ታች ላከቻቸው፤ በዚያ ቤት የሚጣል ወረቀት የለም፤ የተበላሸ ሉክ ሁሉ በሙጫ ተነክሮ የሌላ መጽሐፍ ጀርባ ማጠንከሪያ ይሆናል። ሄስተር ጠረጴዛዋን ጠረገች። ቁራጭ ክሯን ሰበሰበች። ሻርፗን ለበሰች። ባዶውን ቦታ፣ ክምሩ የነበረበትን፣ አየችው። ከዚያ እንደገና ጠረገችው፤ ንጹሕ ነበር።

ሴቶች ምድር ቤት አይወርዱም። ሕግ አይደለም፤ ወርደው ስለማያውቁ ነው። ሄስተር ግድግዳውን እየያዘች ወረደች። በየደረጃው ላይ የምትለውን ታዘጋጃለች፤ አንድ ስጠኝ፤ ትርፍ ካለህ አንድ ስጠኝ፤ አንድ ብቻ። ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ሆነባት።

ሙጫ ቀቢው ጄቤዝ ሞግ ነው፤ እሷ በገባች በዓመቱ የገባ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ እጁ እስከ ክርኑ በሙጫ ያጌጠ ሽማግሌ። ፊት ለፊቱ ትንንሽ ጥቁር መጽሐፎች በማሰሪያ ተጨምቀው ጀርባቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ቆመዋል።

«ሄስተር» አለ። «ጠፍተሽ ነው ወይስ ልታገቢኝ ነው?»

«ዛሬ የወረደልህ ወረቀት አለ።»

«ነበረ። ጥሩ ወረቀት፣ ወፍራም፣ ከአንድ ወገን ባዶ። በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቢሰጡኝ ምን ነበረበት።»

«የቀረህ አለ?»

«ይኸው የመጨረሻውን አሁን ቀባሁት።» በብሩሹ ጫፍ አሳያት። ገጾቹ በጠባቡ ተሸንሽነው በየመጽሐፉ ጀርባ ላይ ተለጥፈዋል፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ፣ ባዶው ወደ ውጭ። ሙጫው ገና ይተናል። በረጠበው ወረቀት ውስጥ ፊደሎቹ ተገልብጠው ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፤ ቀጥ ብለው ቢታዩም እሷ አታነባቸውም።

ልትል ያዘጋጀችው ሁሉ አለቀ። ከዚህ ወዲያ የምትለምነው ነገር የለም።

«የምን መጽሐፍ ናቸው?» አለች።

«የጸሎት መጽሐፍ። በርመንዚ ሰፈር ላለው የድኻ ልጆች ትምህርት ቤት። ለከንቱ ነው የምደክመው፤ ከመደርደሪያ ሲያወርዱት ጀርባውን ጨብጠው ነው የሚጎትቱት። ይነቅሉታል።» ወደ ሙጫ ድስቱ ዞረ። «ያ ጫፍ ላይ ያለው አረፋ ይዟል። የኔ እጅ ሙጫ ነው፣ ይበልጥ አበላሸዋለሁ። እስቲ ባውራ ጣትሽ ጫን አድርጊልኝ።»

ሄስተር ጠጋ አለች። አረፋው የአተር ፍሬ ታህላለች፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብላ። ማንም ጠራዥ ያውቀዋል፤ አሁን በደንብ ከተጫነ ሙጫው ይይዛል፣ መጽሐፉን የያዘውን ሰው ዕድሜ ይኖራል። ከተተወ ይደርቅና ቦታው ባዶ ይሆናል፤ የልጅ ጥፍር ይገባበታል፣ ወረቀቱ ከጫፍ ጀምሮ ይነሣል፣ በውስጥ በኩል ያለው ጽሑፍም ይገለጣል። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ አረፋ አይታ ትታ ያለፈችበት ቀን የለም።

አውራ ጣቷን አስቀመጠችበት። ወረቀቱ ይሞቃል። ከላይ ደወሉ ተደወለ፣ ወንበሮች ተጎተቱ፣ የሴቶቹ እግር በጣሪያው ላይ ወደ በሩ ጎረፈ።

«ጫን አልሽው?» አለ ጄቤዝ፣ ጀርባውን እንደሰጣት።

ጣቷ እዚያው ነበር፤ አልጫነም፣ አልተነሣም።